ስለ ማንኪራ ደንና ስለ ካርቦን ውል የቀረበ አሳብ



ከቦንጋ ከተማ ተነሥቶ በዴቻ ወረዳ ወደ ማንኪራ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ የሚያየው የእንሰትና የበቆሎ ጓሮ ነው። ጥቂት ካለፈ በኋላ ግን ጥላው ይከብድበታል፤ በትልልቁ ዛፍ ሥር ማንም ያልተከለው ቡና በቅሎ ያያል፤ ቀና ቢልም በቅርንጫፉ ላይ የንብ ቀፎ ተሰቅሎ ያገኛል። የአገሩ ሰዎች የቡና እናት የሆነችው ዛፍ የምትገኘው በዚህ ነው ብለው ይናገራሉ። መንገደኛ የሆነ ሰው ይህን ደን ባለቤት የሌለው ዱር አድርጎ ይገምተዋል። የአገሩ ሰው ግን ይህን ቡና የሚለቅመው የእገሌ ቤት ነው፤ በዚያ ዛፍ ላይ ቀፎ የሚሰቅለው እገሌ ነው፤ ብሎ ድንበሩን ያለ ካርታ ለይቶ ያውቃል። በጎረቤት በሸካ ይህን የመሰለው የደን ይዞታ «ቆቦ» የሚል ስም እንኳ አለው።

ይህን ጽሕፈት ለማቅረብ ያነሣሣኝ ግን ቡናው ወይም ማሩ አይደለም። በዓለም ላይ አዲስ ንግድ ስለ ተነሣና ወደ ደናችንም እየቀረበ ስለ ሆነ፣ ውሉ ከመጻፉ በፊት ሹማምንቱ ነገሩን ቢመረምሩት መልካም ነው ብዬ አስቤ ነው።

ንግዱ እንዲህ ነው። ዛፍ በሚያድግበት ጊዜ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለውን ጋዝ ከአየሩ ይስባል፤ ካርቦኑንም በግንዱ፣ በቅርንጫፉና በሥሩ ያከማቻል። ከደረቀ እንጨት ክብደት ግማሽ ያህሉ ካርቦን ነው። እንጨቱ ሲቃጠል ወይም ሲበሰብስ ይኸው ካርቦን ተመልሶ ወደ አየሩ ይወጣል፤ አንዱ ቶን ካርቦንም በጋዝ መልኩ ሲታሰብ 3.67 ቶን ያህል ይሆናል። በባለጠጎች አገሮች ያሉ ኩባንያዎች ከፋብሪካቸውና ከአውሮፕላናቸው የሚወጣውን ጋዝ ለማካካስ ሲሉ፣ ደን እንዳይጠፋ ወይም እንደገና እንዲበቅል ለሚያደርግ ሰው ገንዘብ ይከፍላሉ፤ በምትኩም ክሬዲት የሚባል የምስክር ወረቀት ይቀበላሉ። አንዱ ክሬዲት የአንድ ቶን ጋዝ ምስክር ነው።

እንግዲህ የሚሸጠው እንጨት አይደለም፤ መሬትም አይደለም። የሚሸጠው ቃል ነው። ይኸውም «ይህ ደን ያለዚህ ገንዘብ ይጠፋ ነበር፤ አሁን ግን ይህን ያህል ዓመት ይቆማል» የሚል ቃል ነው። ቃሉን በወረቀት ላይ የሚሰጠው በጽሕፈት ቤት ተቀምጦ የሚፈርመው ሹም ወይም ኩባንያ ነው፤ ቃሉን በሥራ የሚጠብቀው ግን የማገዶው ቦታ የሚከለከልበትና ላሙ የሚሰማራበት የሚጠበው ባላገር ነው። ፈራሚው ሌላ፣ ጠባቂው ሌላ በሆነበት ውል ጠባቂው ካልተጠየቀና ሒሳቡን ካላየ ውሉ እንዴት ሠላሳ ዓመት ሊኖር ይችላል? የዚህ ጽሕፈት ነገር ሁሉ በዚህ ጥያቄ ላይ የቆመ ነው።

በአገራችን የዚህ ንግድ ታላቁ ምሳሌ ሁምቦ ነው። በወላይታ ያለው የሁምቦ ተራራ በማገዶና በከሰል ምክንያት ተራቁቶ ጎርፉ በታች ያለውን እርሻ ይጎዳ ነበር። ወርልድ ቪዥን የተባለው ድርጅት ከዓለም ባንክ ጋራ ተባብሮ 2,728 ሄክታር መሬት እንዲከለል አደረገ፤ አብዛኛውም አዲስ ችግኝ የተተከለበት ሳይሆን፣ ከቀድሞው ጉቶ የሚያቆጠቁጠው ቡቃያ እየተመረጠና እየተገረዘ ያደገ ነው። ሥራው በ2002 ዓ.ም. በኪዮቶ ውል ሥርዓት ተመዘገበ። በ30 ዓመት ውስጥ 880,000 ቶን ያህል ጋዝ ይስባል ተብሎ ተገመተ፤ ከዚህም ውስጥ 165,000 ቶኑን የዓለም ባንክ የባዮካርቦን ፈንድ ለመግዛት ተዋዋለ።

በመጀመሪያ የሁምቦ ባላገር ነገሩን አልወደደውም ነበር። መሬታችን በዛፍ አመካኝቶ ሊወሰድብን ነው ብሎ ፈርቶአል፤ ፍርሃቱም ያለ ምክንያት አልነበረም። ልቡ የተመለሰው በስብከት ብቻ ሳይሆን፣ 7 የኅብረት ሥራ ማኅበሮች ተቋቁመው በተከለለው መሬት የመጠቀም መብት በወረቀት ስለ ተሰጣቸውና የካርቦኑም ገንዘብ ወደነዚሁ ማኅበሮች እንዲገባ ስለ ተደረገ ነው። ማኅበሮቹም ከገንዘቡ የእህል ጎተራና ወፍጮ ሠሩ። ሣሩን አጭዶ መውሰድና ከግርዛቱ የሚገኘውን ማገዶ መልቀም አልተከለከለም። ሁምቦ ጉድለት የለበትም ማለቴ አይደለም፤ ነገር ግን ወረቀቱና ገንዘቡ ከጠባቂው እጅ ስለ ገቡ ተራራው እንደገና ለምለም ሆነ።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ እየሰፋ ሄዶአል። በባሌ ተራሮች ዙሪያ ባሉ ደኖች ይህን የመሰለ ሥራ ተሠርቶአል፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥታችን ስለ ኦሮሚያ ደኖች ከዓለም ባንክ ጋራ እስከ 40 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር የሚደርስ ውል ተዋውሎአል። እንግዲህ ከፋም እንዲህ ያለ ውል ሊቀርብለት እንደሚችል ሹማምንቱ ከወዲሁ ቢያስቡበት ጊዜው አልራቀም።

ሕዝብ ያልተጠየቀበት ውል የሚደርስበትን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከደቡብ ድንበራችን ማዶ በሰሜን ኬንያ የከብት አርቢዎች ግጦሽ በካርቦን ንግድ ውስጥ ገብቶ ክሬዲቱ ለታላላቅ የውጭ ኩባንያዎች ተሸጦ ነበር። አርቢዎቹ ግን እኛ በሚገባ ሳንጠየቅ መሬታችን የጥበቃ ክልል ሆነ ብለው ከሰሱ፤ በኢሲዮሎ የተቀመጠው የአካባቢና የመሬት ፍርድ ቤትም በጥር ወር 2017 ዓ.ም. ሁለት የጥበቃ ክልሎች ሕዝብ ሳይሳተፍ ያለ ሕግ ተቋቁመዋል ብሎ ፈረደ። የዚህን ፍርድ ትርጉም የሒሳብ ሹም ወዲያው ይረዳዋል፤ መሠረቱ ያለ ሕግ የሆነ ክሬዲት ገዢው ገንዘቡን የሚጠይቅበት ዕዳ ነውና። ደግሞም በ2015 ዓ.ም. የእንግሊዝና የጀርመን ጋዜጦች ከደን ጥበቃ የተሸጡትን ክሬዲቶች መርምረው ብዙዎቹ በወረቀት ላይ እንጂ በአየሩ ላይ ጥቅም የላቸውም ብለው ጻፉ። መዝጋቢው ድርጅት አልተቀበለውም፤ ገዢዎች ግን ከዚያ ጀምሮ «የደኑ ሕዝብ ምን ይላል?» ብለው መጠየቅ አብዝተዋል። ስለዚህ ሕዝቡን መጠየቅ ለኅሊና ብቻ ሳይሆን ለዋጋውም የሚበጅ ሆኖአል።

አሁን ወደ ማንኪራ ልመለስ።

ከፋ ከውጭ የመጣ ወረቀት ብዙ ጊዜ ያየ አገር ነው። ከ1889 ዓ.ም. ዘመቻ በኋላ መሬቱ ለመኳንንትና ለወታደር ተከፋፍሎ የአገሩ ሰው በገዛ አባቱ መሬት ገባር ሆነ። በየካቲት ወር 1967 ዓ.ም. የታወጀው ዐዋጅ ገባርነትን አስቀረ፤ ይህም ታላቅ ነገር ነው፤ ነገር ግን በዚያው ዘመን ታላላቁ ደን በመዝገብ የመንግሥት ተብሎ ስለ ተጻፈ፣ ከአባት የወረደው የቡናና የቀፎ ይዞታ ስም ሳይኖረው ቀረ። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ 760,000 ሄክታር ያህሉ የከፋ መሬት በዩኔስኮ የሕያዋን ክልል ተብሎ ተመዘገበ። ከነዚህ ወረቀቶች አንዱ ጎጂ፣ አንዱ ጠቃሚ ነው፤ ሁሉንም እኩል አላያቸውም። አንድ የሚያደርጋቸው ነገር ግን የደኑ ሰው ስለ ወረቀቱ የሰማው ከተጻፈ በኋላ መሆኑ ነው። የካርቦን ውልም በዚሁ መንገድ ቢመጣ ባላገሩ በጨረፍታ ያውቀዋል፤ እጁንም አውጥቶ ዝም ይላል።

ስለዚህ ስለ ዝምታ ከራሴ የደረሰውን ልናገር። ከብዙ ዓመት በፊት፣ ገና ወጣት ጸሐፊ ሳለሁ፣ ስሙን በማልጠራው ወረዳ አንድ ኮረብታ ለችግኝ እንዲከለል ስብሰባ ተጠርቶ ቃለ ጉባኤ እንድይዝ ታዘዝሁ። ጊዜ ለማትረፍ ብዬ «ሕዝቡ በጉዳዩ በሰፊው ከተወያየ በኋላ በሙሉ ድምፅ ተስማማ» የሚለውን ቃል ማታውኑ ጽፌ አደርሁ። በማግሥቱ ሕዝቡ ተሰበሰበ፤ ሹሙ ተናገሩ፤ ማንም አልተቃወመም፤ እኔም ጽሕፈቴ እውነት ሆነ ብዬ ደስ አለኝ። ሁለት ክረምት ሳያልፍ ችግኙ በሌሊት በገባ ከብት ተበልቶ አለቀ። እኛም «የባላገር አለማወቅ» ብለን ሪፖርት ጻፍን። አለማወቁ የማን እንደ ነበረ ለመረዳት ብዙ ዓመት ፈጀብኝ።

በጉባኤ ላይ ዝም የሚለው ሰው ማን እንደ ሆነ በከፋ በተለይ መመልከት ይገባል። ማንጆ የሚባሉት ወገኖቻችን ከጥንት ጀምሮ በደኑ ዳር እየኖሩ በአደን፣ በማር፣ በማገዶና በከሰል የሚተዳደሩ ነበሩ። ጎረቤቶቻቸው ለብዙ ዘመን አብረዋቸው አልበሉም፤ ከቤታቸውም አላስገቡአቸውም። ይህ ነውር እየቀነሰ ቢሄድም ፈጽሞ አልጠፋም። አሁን አስቡት፤ ደን ሲዘጋ አስቀድሞ እንጀራው የሚቋረጠው ከሰልና ማገዶ ሸጦ የሚያድረው ሰው ነው፤ ቡና ያለው ሰው ግን ቡናውን ይለቅማል። በጉባኤው ላይ ግን ፊት ተቀምጦ የሚናገረው ባለ ቡናው ነው። የቀበሌው ሊቀ መንበር ፈረመ ማለት ማንጆው ተስማማ ማለት አይደለም። ሴቶችም እንዲሁ ናቸው፤ ማገዶ የሚሸከሙ እነርሱ ሲሆኑ ስለ ማገዶ ሲወሰን በኋላ ይቆማሉ።

ይህ ሊታረም የማይችል ነገር አይደለም። በ1980ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በቦንጋ ዙሪያ ፋርም አፍሪካና ኤስ ኦ ኤስ ሳህል ከመንግሥት ጋራ ሆነው የአሳታፊ ደን ጥበቃን ሥራ በጀመሩ ጊዜ፣ መንግሥት ከደኑ ተጠቃሚዎች ጋራ ውል እየተዋዋለ ደኑን አስረክቦአቸዋል፤ የማንጆ ሰዎችም አባል ሆነው የገቡባቸው ማኅበሮች ነበሩ። እንግዲህ አዲስ ሥርዓት ከባሕር ማዶ ማምጣት ሳያስፈልገን ያለንን ማኅበር ማጠንከር ይበቃናል። የ2010 ዓ.ም. የደን ዐዋጅ ቁጥር 1065ም የመንግሥት ደን ብቻ ሳይሆን የማኅበረሰብ፣ የማኅበርና የግል ደን እንዳለ አውቆአል። ስለዚህ ከካርቦኑ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት «ይህ ደን በመዝገብ የማን ነው?» የሚለው ነው። የማኅበሩ ይዞታ በወረቀት ሳይረጋ የካርቦን ውል መፈረም በሬውን ሳይጠምዱ ዘር እንደ መዝራት ነው።

ስለ ቁጥጥሩ ደግሞ ልናገር፤ ብዙዎች ሹማምንት የሚጠራጠሩት በዚህ ነውና። «የደን ካርቦን ሒሳብ የሊቃውንት ሥራ ነው፤ ሳተላይት የሚመለከተውን ያልተማረ ባላገር ምን ብሎ ይቆጣጠራል?» ይላሉ። እኔም አስቀድሞ እንዲሁ አስብ ነበር። ነገር ግን መለኪያው ራሱ ምን እንደ ሆነ እንይ። በደኑ ውስጥ የተወሰነ ቦታ በገመድ ይከለላል፤ የየዛፉ ውፍረት ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍታ ላይ በሜትር ይለካል፤ የዛፉም ዓይነት ይጻፋል፤ ከዚያ በኋላ ሊቁ በሠንጠረዥ ያሰላዋል። ከዚህ ሁሉ የሊቁን ትምህርት የሚፈልገው የመጨረሻው ብቻ ነው። ዛፉን በስሙ ለይቶ ለመጥራት የማንኪራ ማር ቆራጭ ከማንኛችንም ይበልጣል።

ይህም በከፋ ተፈትኖ የታየ ነው። ናቡ የተባለው የጀርመን የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር በዞኑ ሲሠራ፣ ከአገሩ ልጆች የተመረጡ የደን ጠባቂዎች ከሆላንድ ከቫኽኒንገን ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ጋራ ሆነው፣ በደኑ ላይ የሚደርሰውን ለውጥ መጀመሪያ በወረቀት፣ ኋላም በእጅ ስልክ እየመዘገቡ ያስተላልፉ ነበር። ሳተላይቱ ተመንጥሮ የተገለጠውን ሰፊ ቦታ ያያል፤ በእግሩ የሚሄደው ሰው ግን ከትልቁ ዛፍ ጥላ በታች ጥቂት በጥቂት የሚሳሳውን ያያል፤ ከዚህም በላይ ማን፣ መቼ፣ ስለ ምን እንዳደረገው ይናገራል። ሰማይ ላይ ያለው መነጽር ምክንያትን አያይም።

ለማንኪራ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ቡናው ብዙ እንዲያፈራ ባለ ቡናው ከሥሩ ያለውን ቁጥቋጦ ይመነጥራል፤ አንዳንዱም የጥላውን ዛፍ ያሳሳል። ቁጥቋጦውን መመንጠር ደንን ማጥፋት ነውን? ልኩን ሲያልፍ ወጣቱ ዛፍ ስለማይተካ አዎን፤ በልኩ ሲሆን ግን የአባት ሥራ ነው። ውሉ ይህን ሳይለይ ቢጻፍ፣ አንድ ቀን የውጭ መርማሪ መጥቶ የቡና ለቃሚውን ማጭድ የውል ማፍረስ አድርጎ ይጽፈዋል፤ ክፍያውም በዚሁ ምክንያት ይቀንሳል። ልኩን መወሰን የሚችሉት ሊቁና ባለ ቡናው አብረው ከደኑ ውስጥ ቆመው ነው እንጂ በአዲስ አበባ ወይም በዋሽንግተን ጠረጴዛ ላይ አይደለም።

ሌላው ክርክር የጊዜ ነው። «ሕዝቡን በየመንደሩ ስንጠይቅ ዓመት ያልፋል፤ ገዢውም ወደ ሌላ አገር ይሄዳል» የሚሉ አሉ። ይህ እውነትነት ያለው ፍርሃት ነው፤ አላቃልለውም። ነገር ግን ሠላሳ ዓመት ለሚቆይ ውል አንድ ዓመት መታገሥ የማይችል ገዢ፣ ድርቅ ወይም የዋጋ መውደቅ በመጣ ጊዜ ከእኛ ጋራ የሚቆይ አይመስለኝም።

እንግዲህ በእኔ አሳብ ሊደረግ የሚገባው ይህ ነው። ውሉ ከመፈረሙ በፊት ዋናው ቃል በካፊኖኖና በአማርኛ ተገልብጦ በየመንደሩ ይነበብ፤ ስንት ዓመት እንደሚቆይ፣ ምን እንደሚከለከል፣ ገንዘቡ ሳይመጣ ቢቀር ክልከላው ይነሣ ወይም ይጽና ተለይቶ ይነገር። ማንጆዎችና ሴቶች ለብቻቸው ተሰብስበው ይጠየቁ፤ ከዚያ በኋላ ከሁሉ ጋራ ይቀመጡ። እንቢ ማለት እንደሚቻልም ሹሙ ራሱ በቃሉ ይናገር፤ ይህን ከሹም አፍ ያልሰማ ባላገር አያምነውምና። አቤቱታ የሚቀበለውም ውሉን የፈረመው ጽሕፈት ቤት አይሁን፤ ተከሳሽና ዳኛ አንድ ሰው ሲሆኑ አቤት ባይ አይመጣም።

ስለ ገንዘቡ አጠባበቅ የምንማረው ከቤታችን አለ። እኔ በልጅነቴ ፊደል በቈጠርሁበት ደብር የሙዳየ ምጽዋቱ ቁልፍ በአንድ ሰው እጅ አይቀመጥም ነበር። አለቃው አንዱን፣ የምእመናኑ ሽማግሌ ሌላውን ይዘው፣ ሣጥኑ የሚከፈተው ሁሉም በተገኙበት ነበር፤ የተገኘውም ሳንቲም በዚያው ተቆጥሮ በመዝገብ ይገባ ነበር። አለቃው ሌባ ናቸው ተብሎ አልነበረም፤ እንዲያውም ስማቸውን ከሐሜት የሚጠብቀው ያ ሁለተኛው ቁልፍ ነበር። ዕቁብና ዕድር ያለው መንደር ሁሉ ይህን ሥርዓት ያውቀዋል። የካርቦኑም ገንዘብ በዚህ መንገድ ቢያዝ፣ ምን ያህል ቶን እንደ ተሸጠ፣ በስንት ዋጋ፣ ከዚያም ለመርማሪው፣ ለደላላው፣ ለመንግሥት ስንት እንደ ተከፈለና ለማኅበሩ ስንት እንደ ደረሰ በጉባኤ ቢነበብ፣ ወረዳው ከብዙ ክርክር ያርፋል። የደላላውን ድርሻ በተለይ አትርሱ፤ ባላገሩ የሚያየው በእጁ የገባውን ብቻ ነው፤ በመንገድ የቀረውን አያውቅም።

የሚነበብበትም ጊዜ ይታሰብበት። የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ልማዳቸው ዓመቱ በሰኔ ሲዘጋ ሒሳብ ማሰማት ነው፤ በሰኔ ግን የማንኪራ መንገድ ጭቃ ነው፤ ዝናቡም ሰውን ከቤቱ አያስወጣም። ከቡናው ለቀማ በኋላ በጥር ቢሆን መንገዱ ደረቅ ነው፤ ሰውም በመንደሩ ይገኛል። ቦታውም በወረዳው አዳራሽ ሳይሆን በማንኪራ በራሱ ይሁን፤ መዝገቡን ተሸክሞ መሄድ ያለበት ጸሐፊው ነው።